የዊልያም ሎንጌስፔ እናት ማን ነበረች? የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ባላባት ወላጆችን አጣርቶ ለማወቅ

ዊልያም ሎንጌስፔ የሳልዝበሪ ኧርልና የንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ዲቃላ ልጅ ነው። አባቱ አከራክሮ አያውቅም። ንጉሥ ሪቻርድ በ1196 የሳልዝበሪን ወራሽ ኤላን ድሮለት ኧርል አደረገው፤ ንጉሥ ጆንም በጦርም በምክርም ከጎኑ አልለየውም። በ1214 በቡቪን ጦርነት በፈረንሳዮች እጅ ወደቀ። በ1215 በማግና ካርታ መግቢያ ላይ ስማቸው ከሰፈረው የንጉሡ አማካሪዎች አንዱ ሆነ። በ1220 ከሚስቱ ጋር ለአዲሱ የሳልዝበሪ ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ አኖረ፤ በ1226 ሲሞትም እዚያው ተቀበረ። ይህን ያህል ስመ ጥር ሰው ሆኖ ሳለ የእናቱን ስም በተመለከተ ግን ትውልድ ከትውልድ የተሳሳተ ወሬ ሲቀባበል ኖሯል።

ይህ መመሪያ በዊልያም ጉዳይ ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለ የወላጅነት ክርክር እንዴት እንደሚጣራ ያሳያል። በለንደን ኖረው የእንግሊዝን ቤተ መዛግብት ደጃፍ ላይ ያገኙም ሆኑ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ የሚወዱ፣ አካሄዱ አንድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ወሬውን እስከ ምንጩ ይከተሉት

ነጭ ወረቀት ይያዙና ከላይ የሚነገረውን አባባል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በዚህ ጉዳይ፦ «የዊልያም እናት ሮዛመንድ ክሊፈርድ ናት።» ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ያስቀምጡ፤ ይህን መጀመሪያ ማን ተናገረ? መቼ? እሱስ ከየት ሰማ? አንድ መጽሐፍ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ያ ደግሞ ሌላውን። የመጨረሻው መጽሐፍ ማንንም ሳይጠቅስ ሲቀር ያኔ ወሬው የተወለደበት ቦታ ደርሰዋል።

ሮዛመንድ በእውነት የነበረች ሴት ናት። የዋልተር ደ ክሊፈርድ ልጅና የንጉሡ ቁባት ነበረች፤ በ1176 ገደማ ሞታ በኦክስፎርድ አጠገብ በጎድስቶ የሴቶች ገዳም ተቀበረች። በ1191 የሊንከኑ ጳጳስ ሂው መቃብሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይቶ ተቆጣና እንዲወጣ አዘዘ። ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው ተረት ነው። ንጉሡ በዉድስቶክ ውስብስብ መንገድ ሠርቶ ደበቃት፣ ንግሥት ኤሌኖር ክር ተከትላ ደረሰችባትና ከጩቤና ከመርዝ አንዱን እንድትመርጥ አደረገቻት ይባላል። እውነቱን ለመናገር ኤሌኖር በዚያን ጊዜ በባሏ ትእዛዝ ታስራ ነበር። ሮዛመንድ በሕይወት ሳለች የጻፉትም ሆነ ከሞተች በኋላ በቅርቡ የጻፉት ልጅ ወለደች አይሉም። ልጆቹ የመጡት ብዙ መቶ ዓመት ዘግይተው፣ ተረቱ ከደረጀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ዝነኛ ስም እናት የሌላቸውን ልጆች ወደ ራሱ ይስባል። ሰው የንጉሡን አንድ ቁባት ብቻ በስም ካወቀ ዲቃሎቹን ሁሉ ለእሷ ይሰጣል። በአባትም በኩል እንዲሁ ነው። በደርቢሸር ፒክ አምባ ላይ የቆመው ምሽግ ባለቤት ዊልያም ፔቨረል የድል አድራጊው ንጉሥ ዊልያም ዲቃላ ነው ይባላል። ነገር ግን በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለም፤ ወሬው የተስፋፋው በጥንታዊ ነገር አጥኚዎች ዘንድ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሀብታም ሰው፣ የማይታወቅ አባትና ተመሳሳይ ስም ከተገናኙ ሐሜት በራሱ ይበቅላል።

ሁለተኛ፦ የዕድሜ መስመር ያስምሩ

ሰነድ ከመክፈትዎ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል። ለእያንዳንዱ ሰው ሊወለድ የሚችልበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመት ይጻፉ። አንድን ዓመት አጥብቀው አይያዙ፤ «ከዚህ በፊት አይሆንም፣ ከዚህ በኋላ አይሆንም» ብለው ይገድቡ።

ተረቱ ለሮዛመንድ ሁለት ልጆች ሰጥቷታል፤ ዊልያምንና የዮርኩን ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪን። ጄፍሪ በ1173 ለሊንከን ጳጳስነት ተመርጧል፤ የተወለደውም በ1151 አካባቢ ነው። ሄንሪ ከሮዛመንድ ጋር በአደባባይ የታየው ግን ከ1170ዎቹ ጀምሮ ነው። ከዚህም በላይ የሄንሪን ቤተ መንግሥት በቅርብ የሚያውቀው ዋልተር ማፕ የጄፍሪን እናት በሌላ ስም፣ ኢኬናይ ብሎ ይጠራታል። ስለዚህ ጄፍሪ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ከሮዛመንድ ልጅነት ወጣ።

ዊልያም ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። በ1196 ያገባ ሰው በ1176 ቢወለድ ይስማማል፤ ሮዛመንድም እስከዚያው ዓመት ገደማ በሕይወት ነበረች። የዕድሜ መስመር የማይሆነውን ይጥላል እንጂ የሚሆነውን አያረጋግጥም። ብዙ ጀማሪዎች «ዕድሜው ይገጥማል» ካሉ በኋላ ያቆማሉ፤ እርስዎ አያቁሙ።

ስለ ቀኑ አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዞ የኖረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ከሌላው የተሻለ ዝግጁ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች አዲሱን ዓመት በአብዛኛው የሚቆጥሩት ከማርች 25 ጀምሮ ነበር። ስለዚህ በእነሱ «ፌብሩዋሪ 1176» የተባለው በዛሬው አቆጣጠር 1177 ነው። ብዙ ሰነድ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ጨርሶ አይጽፍም፤ «ንጉሡ በነገሠ በሃያኛው ዓመት» ይላል። ዳግማዊ ሄንሪ ዘውድ የጫነው ዲሴምበር 19 ቀን 1154 ስለሆነ የንግሥና ዓመቱ ከዚያ ቀን ይነሣል። የግምጃ ቤቱ የሂሳብ ዓመት ግን የሚዘጋው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በእነሱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይለዩ ቀን አይጻፉ።

ሦስተኛ፦ ርስቱን ይከተሉ፣ ገደቡንም ይወቁ

በሕግ ጋብቻ ለተወለደ ባላባት ከሁሉ የሚቀድመው ማስረጃ መሬት ነው። ርስት ደምን ይከተላል። እናት ይዛው የመጣችው መንደር ከአርባ ዓመት በኋላ በልጇ እጅ ከተገኘ የእናትነቱ ክርክር በአብዛኛው አለቀ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆኑ መዝገቦች በዘመን ቅደም ተከተል እነሆ። በ1086 የተጠናቀቀው ዱምስዴይ ማን የትኛውን መንደር እንደያዘ ይናገራል። የግምጃ ቤቱ ዓመታዊ የሂሳብ ጥቅልሎች ከ1130 አንድ ብቻ ተርፎ፣ ከ1150ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ሳይቋረጡ ደርሰውናል፤ ለውርስ የተከፈለ ግብር፣ ለጋብቻ ፈቃድ የተሰጠ ገንዘብ እዚያ አለ። በ1166 ባላባቶች ስንት ፈረሰኛ እንደሚያቆሙ ለንጉሡ የላኩት ደብዳቤ አለ። በ1185 በአሥራ ሁለት አውራጃዎች ባል የሞተባቸው ሴቶችና በንጉሡ ሞግዚትነት ሥር ያሉ ሕፃናት ተቆጥረዋል፤ ዕድሜ፣ የልጆች ብዛት፣ የመሬቱ ገቢ ሁሉ ተመዝግቧል። ለትውልድ ቆጣሪ ይህ መዝገብ ሀብት ነው፤ ሌላ ቦታ ስማቸው የማይነሣ እናቶች በዕድሜያቸው ተጽፈው ይገኛሉ። የንጉሡ ችሎት መዝገብ ከ1194 ጀምሮ አለ። ባላባት ሲሞት ርስቱን ወራሹንና የወራሹን ዕድሜ የሚያጣራው ምርመራ ደግሞ ከ1230ዎቹ ወዲህ ይገኛል።

ዊልያም ግን ዲቃላ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ዲቃላ የማንም ወራሽ አይደለም፤ ከእናቱም ሆነ ከአባቱ በውርስ መሬት አያገኝም። ስለዚህ የክሊፈርድ ርስት በእጁ አለመገኘቱ ሮዛመንድ እናቱ አይደለችም አያሰኝም። ለዲቃላ ሌላ ዱካ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ማን ስጦታ ሰጠው፣ ከማን ጋር ዘመተ፣ ለማን ነፍስ ጸሎት አዘዘ?

አራተኛ፦ ወደ ገዳማቱ መዝገብ ይግቡ

የዊልያም ጉዳይ የተፈታው እዚህ ነው፤ እርስዎም ብዙ ጊዜዎን እዚህ ያሳልፉ።

የመካከለኛው ዘመን ባላባት ለገዳም መሬት፣ ወፍጮ ወይም አሥራት ሲሰጥ የስጦታ ሰነድ ይጻፋል። በሰነዱ ውስጥ ስጦታው ለማን ነፍስ እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለሚስቴ፣ ለወንድሞቼ። ከዚያ በታች የምስክሮች ስም ይከተላል። መነኮሳቱ ዋናው ሰነድ እንዳይጠፋ በብራና መዝገብ ገልብጠው ይይዙታል። ሰጪው ይህን ሲያጽፍ የትውልድ ክርክር ለመፍታት አስቦ አይደለም፤ ነፍሱን እያሰበ ነው። ምስክርነቱ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

የትኛውን ገዳም ልክፈት ይሉ ይሆናል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አባት ወገን ነው። ለዊልያም አባቱ ንጉሥ ስለነበር የንጉሡን ሰነዶች፣ ለሮዛመንድ ሲሉ ደግሞ የጎድስቶን መዝገብ ያገላብጣሉ። መልሱ የተገኘው ግን በሚስቱ ወገን ነው። በዊልትሸር የሚገኘውን የብራደንስቶክ ገዳም የመሠረተው የኤላ ቅድመ አያት የሳልዝበሪው ዋልተር ነው። ዊልያም ኤላን ሲያገባ የቤተሰቡን ገዳም የመርዳት ግዴታም አብሮ መጣለት። ለዚህ ገዳም በሰጣቸው ሁለት ሰነዶች ውስጥ እናቱን በማዕረግ ከነስሟ ይጠራታል፤ ካውንተስ (የኧርል እመቤት) ኢዳ ይላታል።

ሰውየው ራሱ እናቴ ያላት ሴት ኢዳ ናት። ሮዛመንድ ካውንተስ ሆና አታውቅም፣ ስሟም ኢዳ አይደለም። የገዳሙ መዝገብ በዊልትሸር የሰነድ ማኅበር በ1979 ታትሞ እስኪወጣ ድረስ እነዚያ ጥቂት ቃላት በብራናው ውስጥ ተኝተው ኖሩ። ስለ ዊልያም የጻፉ ሊቃውንት ስንት ትውልድ አለፉ! ማንም ግን የሚስቱን ዘመዶች ገዳም መዝገብ ለእናቱ ጉዳይ አልከፈተም።

ስለዚህ የሚፈልጉት ባላባት ዘመዶቹ የመሠረቷቸውን ወይም የረዷቸውን ገዳማት ሁሉ በዝርዝር ይጻፉ፤ የአባት፣ የእናት፣ የሚስት፣ የሚስት እናት፣ የልጆቹን አማቾች። ከዚያ መዝገባቸው ታትሞ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙዎቹ በየአውራጃው የሰነድ ማኅበራት ታትመዋል፤ መግቢያቸውና የስም ማውጫቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ላቲን ባያውቁም መጀመር ይችላሉ። በማውጫው ላይ ብቻ ግን አይመኩ። ማውጫ አዘጋጅ «ካውንተስ ኢዳ»ን ከየትኛው ቤተሰብ ሥር እንደሚያስቀምጣት ላያውቅ ይችላል። ባላባቱ የሰጣቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ ያንብቡ።

አምስተኛ፦ ነጻ የሆነ ሁለተኛ ምስክር ያምጡ

ሰነዱ እናቱ ኢዳ መሆኗን ነገረን፤ የትኛዋ ኢዳ እንደሆነች ግን አልነገረንም። በዚህ ቦታ መቸኮል ያሳስታል።

በዘመኑ ካውንተስ የተባሉ ኢዳዎችን ሁሉ ይሰብስቡ። አንዷ የቡሎኟ ካውንተስ ኢዳ ናት፤ የንጉሥ ስቲቨን የልጅ ልጅ፣ በራሷ መብት ገዥ። ባሏ ሬኖ ደ ዳማርታን በቡቪን ከዊልያም ጋር በአንድ ወገን ተዋግቶ አብሮት ተማርኳል። ለቸኮለ ሰው ይህ ሁሉ ከበቂ በላይ ነው፤ ስሙ ይገጥማል፣ ማዕረጉ ይገጥማል፣ ሰዎቹም ይተዋወቃሉ። ሌላዋ የኖርፎክ ካውንተስ ኢዳ፣ የሮጀር ቢጎድ ሚስት ናት። ሮጀር ኧርልነቱን ያገኘው በ1189 ሲሆን የፍራምሊንግሃምን ምሽግ እንደገና ያሠራ እሱ ነው።

በሁለቱ መካከል የፈረደው የምርኮኞች ዝርዝር ነው። ከቡቪን በኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ ጸሐፊዎች ማን እንደተያዘ፣ ለማን እንደተሰጠ መዘገቡ። በዝርዝሩ ውስጥ ራልፍ ቢጎድ የሚባል ምርኮኛ አለ፤ የሳልዝበሪው ኧርል ወንድም ተብሎ ተጽፏል። ራልፍ የሮጀርና የኢዳ ልጅ ነው።

አሁን «ወንድም» የሚለውን ቃል ይፈትኑት፤ በዚያ ዘመን ሰነድ የአባት ልጅንም፣ የእናት ልጅንም፣ አማችንም ሊያመለክት ይችላልና። በአባት ወንድማማች ናቸው? አይደሉም፤ የራልፍ አባት ሮጀር ነው፣ የዊልያም አባት ንጉሡ። በሚስት በኩል ተዛምደው ነው? የዊልያም ሚስት ኤላ እህት የሌላት ብቸኛ ወራሽ ናት፤ የቢጎድ ልጅም አይደለችም። ራልፍ የዊልያምን እህት አገባ የሚል መረጃም የለም። የሚቀረው አንድ ነው፤ የእናት ልጆች ናቸው። እናታቸውም ኢዳ ናት።

ሁለቱን ምስክሮች እንደገና ይመልከቷቸው። አንዱ በዊልትሸር ለጸሎት የተጻፈ ነው፣ ሁለተኛው በፈረንሳይ ንጉሥ ጽሕፈት ቤት ምርኮኞችን ለመመዝገብ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፣ አንዱ ከሌላው አልገለበጠም፣ ማንኛቸውም በመልሱ አይጠቀሙም። እንዲህ ያሉ ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ ከመቶ ታሪክ ጸሐፊ ይበልጣሉ፤ መቶዎቹ አንዱ ካንዱ የተቀዱ ሊሆኑ ይችላሉና። በ2002 አንድ የአሜሪካ የዘር ሐረግ መጽሔት በዚህ ላይ ሁለት ጥናቶችን አወጣ፤ ዛሬ ብዙ ተመራማሪ መልሱን ተቀብሎታል።

ስድስተኛ፦ አንድ ትውልድ ወደ ላይ፣ አንድ ትውልድ ወደ ታች

እናቲቱን ካገኙ በኋላ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ከግኝቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይመልከቱ። ኢዳ የቶስኒ ቤት ልጅ፣ በንጉሡ ሞግዚትነት ሥር ያደገች ወጣት ነበረች፤ ያለ አባት የቀሩ ባላባት ልጆች በንጉሡ እጅ ይገቡ ነበርና። አባቷ ነው የሚባለው ራልፍ ደ ቶስኒ በ1162 ሞቷል። በ1181 የገና ሰሞን ንጉሡ ለሮጀር ቢጎድ ዳራት፤ አብሮም ከሮጀር አባት ሞት በኋላ የያዘበትን ሦስት መንደሮች፣ አክልን፣ ሃልቨርጌትንና ሳውዝ ዋልሻምን መለሰለት። ንጉሥ ቁባቱን ሲድር ባልየውን እንዲህ መካሱ በዘመኑ ያለ ነገር ነው። ለእኔ ይህ የመሬት መመለስ ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ ሰብአዊው ክፍል ነው። በንጉሥ እጅ ያለች ወላጅ አልባ ልጅ ምን ያህል ምርጫ ነበራት? ልጇ ካደገና ኧርል ከሆነ በኋላ በጸሎቱ በስም ማንሣቱን ሳስብ ሰነዱ ከማስረጃነት በላይ ይሆንብኛል።

ስሞቹንም ይዩ። የቶስኒው ራልፍ እናት ኢዳ ዘ ኤኖ ትባላለች። ዊልያም ደግሞ ከሴት ልጆቹ አንዷን ኢዳ ብሏታል። አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጇ የልጅ ልጅ፤ በእንግሊዝ ብዙም ያልተለመደ ስም በአንድ መስመር ወርዷል። ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በሌላ ማስረጃ የቆመን ነገር ግን ያጠነክራል። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ ከስም ተነሥተው ዘር የሠሩ ሰዎች ናቸው መጻሕፍቱን በውሸት የሞሉት።

ሰባተኛ፦ ዝምታንም እንደ ማስረጃ መመርመር

አንዳንዴ ቀጥተኛ ሰነድ አይገኝም። ያኔ ይህን ይጠይቁ፦ ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ማን መናገር ነበረበት?

ለዚህ ከጉንድራዳ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የመጀመሪያው የሰሪ ኧርል የዊልያም ደ ዋረን ሚስት ስትሆን በ1085 ሞታለች። ከባሏ ጋር በሉዊስ ከተማ ገዳም መሥርተዋል። የገዳሙ ሰዎች በያዟቸው ሰነዶች ጉንድራዳ የድል አድራጊው ዊልያምና የንግሥት ማቲልዳ ልጅ ትመስላለች። እዚህ ላይ ወዲያው «ማን ይጠቀማል?» ብለው ይጠይቁ፤ መሥራቿ የንጉሥ ልጅ የሆነች ገዳም ክብሯ ከፍ ይላል። ታሪክ ጸሐፊው ኦርደሪክ ቪታሊስ ግን የፍሌሚሹ የገርቦድ እህት ናት ይላል።

ነገሩን የቆረጠው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ደብዳቤ ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ፣ የድል አድራጊው ልጅ፣ አንዲት ዲቃላ ሴት ልጁን ለጉንድራዳ ልጅ ለዳግማዊ ዊልያም ደ ዋረን ሊድር አሰበና አንሰልምን ጠየቀ። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በ1215 ወደ አራት እስክታወርደው ድረስ ጋብቻን እስከ ሰባት ትውልድ ትከለክል ነበር። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ አገር ሰው ይህን ሕግ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲቆጥር ከሁሉ የቀረበውን ዝምድና ትቶ የራቀውን አያነሣም። አንሰልም ጋብቻውን ከለከለ። ምክንያቱ? ሁለቱ በአንድ ወገን በአራተኛ፣ በሌላው በስድስተኛ ትውልድ ይገናኛሉ አለ። ጉንድራዳ የሄንሪ እህት ብትሆን ኖሮ ተጋቢዎቹ የወንድምና የእህት ልጆች ይሆኑ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ይህን የመሰለ መከልከያ በእጁ እያለ ስድስተኛ ትውልድ ይቆጥራል? አይታሰብም። ንጉሡስ የገዛ እህቱን ልጅ ረስቶ ይጠይቃል?

ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ ተናጋሪው ነገሩን ማወቅ አለበት፣ መናገሩም ሊጠቅመው ይገባል፣ ሰነዱም ስለዚያው ጉዳይ መሆን አለበት። ሦስቱ ካልተሟሉ «አልተጻፈምና አልነበረም» ማለት አይቻልም።

የጉንድራዳ የመቃብር ድንጋይ ዛሬ በሉዊስ ሳውዝኦቨር ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በላዩ የተቀረጸው የላቲን ግጥም ከመሳፍንት ዘር መሆኗን ያወድሳል እንጂ የንጉሥ ልጅ ናት አይልም። በ1845 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የገዳሙን ፍርስራሽ ሲቆርጡ የእሷና የባሏ አጥንት ያለባቸውን ስማቸው የተጻፈ የእርሳስ ሣጥኖች አገኙ። ግኝቱ አገር ጉድ አሰኘ፤ ስለ አባቷ ግን አንዳች አልጨመረም። አስደናቂ ግኝት ሁሉ ለጥያቄዎ መልስ ነው ብለው አይቀበሉ።

ስምንተኛ፦ አርማና ዲኤንኤ

የዊልያም ጋሻ ላይ ስድስት አንበሶች አሉ፤ በአባቱ አባት በአንጁው ጄፍሪ የመቃብር ምስል ላይ ያሉት ዓይነት። ይህ የአባት ወገንን ያጠናክራል፤ ስለ እናት ምንም አይልም። ከ1530 እስከ 1688 የአርማ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ የመዘገቧቸው የዘር ሐረጎች ለራሳቸው ዘመንና ለሁለት ሦስት ትውልድ ይጠቅማሉ፤ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን በባለቤቱ ምኞት የተሠሩ ናቸው።

ዲኤንኤን በተመለከተ፣ በ2012 በሌስተር ከመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘውን የሣልሳዊ ሪቻርድን አጽም ያስታውሱ። በ2014 የወጣው ጥናት የእናት ወገን ዘሩ ከሕያዋን ዘመዶች ጋር መግጠሙን አሳየ፤ የአባት ወገኑ ግን በወረቀት ዘመዱ ከተባሉት ጋር አልገጠመም። በመካከል ከነበሩት ብዙ ትውልዶች ቢያንስ በአንዱ የተጻፈው አባት እውነተኛው አባት አልነበረም። አጽም በእጅዎ ከሌለ የዛሬ ሰው ምራቅ ስለ 12ኛው ክፍለ ዘመን ወላጅነት የሚነግርዎ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ዘጠነኛ፦ ደርሰው ሲያዩና ሲጽፉ

ለንደን ያሉ ከሆነ በኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል፤ መታወቂያና የአድራሻ ማረጋገጫ ይዘው ይሂዱ፤ በንባብ ክፍሉ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ ይያዙ። ዋናውን ብራና ከማስወጣትዎ በፊት የታተመውን ያንብቡ፤ ብራናው የሚያስፈልግዎ አንድ ቃል በትክክል መነበቡን ለማረጋገጥ ሲሆን ነው። ሰነዱ ዋና ይሁን ግልባጭ ሁልጊዜ ይጻፉ። ግልባጭ ከሆነ መቼ እንደተገለበጠ፣ በማን እጅ፣ የምስክሮቹ ዘመንም እርስ በርሱ ይገጥም እንደሆነ ያክሉ፤ በ1190 የሞተ ሰው በ1205 ሰነድ ላይ ከመሰከረ ሰነዱ ተነካክቷል።

ውጤትዎን ሲጽፉ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የማስረጃውን ደረጃ ለየብቻ ይስጡ፤ አንዱ ጠንካራ ስለሆነ ሌላው ደካማ በእሱ ጥላ እንዳያልፍ። ለዊልያም ቢሆን እኔ እንዲህ እጽፋለሁ። አባቱ ዳግማዊ ሄንሪ፦ የተረጋገጠ። እናቱ ካውንተስ ኢዳ፦ በራሱ ቃል የተረጋገጠ። ኢዳ የሮጀር ቢጎድ ሚስት መሆኗ፦ በምርኮኞች ዝርዝር የተረጋገጠ። ኢዳ የራልፍ ደ ቶስኒ ልጅ መሆኗ፦ በጣም የሚመስል፣ ነገር ግን አባቷን በስም የሚጠራ ቀጥተኛ ቃል ከተገኘ የሚሻሻል። ሮዛመንድ ክሊፈርድ፦ ውድቅ። የትውልድ ዓመቱ፦ ከ1181 ጋብቻ በፊት፤ 1176 የሚለው ግምት ስለሆነ ከፊቱ «ገደማ» የምትለው ቃል ትግባ።